ኢያሪኮ ከሸዋ ሮቢት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ሸዋ ሮቢት ለመድረስ የግድ ከሲና መውረድ ያስፈልጋል። ቀልድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ የደሴን መንገድ የያዘ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ ተሻግሮ፣ ጉም የማይለያት ደብረ ሲና ሲደርስ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ጋቢ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል (ነፋስ የሚፈራ ሰው አጠገባችሁ ካልተቀመጠ!)። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ተሳፋሪ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በላብ ተጠምቆ ማንጎና ሽንኩርት ይጠይቃል።

አባቶቻችን ቅድስት አገር ሩቅ ስትሆንባቸው ስሟን አምጥተው እዚሁ ተከሉት። ደብረ ሲና አለን፣ ደብረ ታቦር አለን። ቢሾፍቱ ለብዙ ዓመት ደብረ ዘይት፣ አዳማም ናዝሬት ስትባል ኖራለች። ላሊበላ ብትሄዱ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ ታገኛላችሁ፣ ጎልጎታ አለ፣ ደብረ ሲና የሚባል ቤተ ክርስቲያንም አለ። ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ1187 በሰላሃዲን እጅ ከገባች በኋላ ንጉሥ ላሊበላ ተሳላሚው በመንገድ እንዳይጉላላ ዳግማዊት ኢየሩሳሌምን እዚሁ ሠራለት ይባላል። እንግዲህ እኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ካርታ ላይ የምንኖር ሰዎች ነን ማለት ይቻላል። ጥያቄው ካርታውን እናነበዋለን ወይ ነው።

ይህን ሁሉ ያስነሳብኝ አንድ ስብከት ነው። በቅርቡ ቤተሰብ ልጠይቅ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናቴ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠን ሰማነው። ሰባኪው (ስማቸውን አልጠራም፤ ጉዳዬ ከሳቸው ጋር አይደለም) ከዓመታት በፊት ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ ሰው ናቸው። የዕለቱ ርዕስ ደጉ ሳምራዊ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች እጅ የወደቀው፣ ካህኑና ሌዋዊው አይተው ያለፉት፣ አንድ ሳምራዊ ግን ያነሳው ሰው ታሪክ። ሁላችንም የምናውቀው ነው። ግን መምህሩ መንገዱን በእግራቸው ባይሆንም በአውቶቡስ አይተውታልና ትረካው ሌላ ሆነ።

ከኢየሩሳሌም ሲነሱ ቀዝቀዝ ያለ አየር እንደነበር ነገሩን። ከዚያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ፣ የጆሮ መደፈን፣ ዛፍ የሌለበት ቀይ አፈርና ድንጋይ፣ ግራና ቀኝ ገደል። መሐል ላይ የባሕር ወለል የሚል ምልክት ቆሞ፣ አጠገቡ ግመል ይዘው ጎብኚ የሚጠብቁ ሰዎች። ከዚያ በታች ደግሞ ገና ይወረዳል፤ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች ያለች፣ ሙቀቷ የሚጠብስ፣ ተምር የሚበቅልባት ከተማ ናት። እዚህ ላይ ሲደርሱ አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ኧረ ይኼስ የኛው ጣርማ በር ነው!» አሉ። ዙሪያችን የነበረው ሰው ሳቀ። መምህሩም ሰምተው ፈገግ አሉና ቀጠሉ።

እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ለኔ የዕለቱ ትርጓሜ የባልቴቷ ነበር።

መምህሩ ወዴት ቀጠሉ? ወደ ላይ። በሊቃውንቱ ትርጓሜ ያ መንገደኛ አዳም ነው፣ ኢየሩሳሌም ገነት ናት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም ነው፣ ሳምራዊው ክርስቶስ ነው፣ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው። ከዚያ ጎልጎታ፣ ከዚያ ቤተ ልሔም፣ ከዚያ ዮርዳኖስ፣ ከዚያ ዴር ሡልጣን። ሕዝቡ እልል አለ፣ አንዳንዱም አለቀሰ። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ሄጄ የመጣሁ ያህል ነው የሆነልኝ» አለችኝ። እናቴ ከደሴና ከአዲስ አበባ አልፋ የሄደችበት አገር የለም።

እስቲ መጀመሪያ ለዚህ ዓይነቱ ስብከት የሚገባውን ክብር ልስጥ። «ሰባኪዎቻችን የጉዞ ወኪል ሆኑ» እያሉ ማሾፍ ለኛ ለከተማ ልጆች ቀላል ነው። ግን ወደ ኢየሩሳሌም መጓዝና ተመልሶ መናገር በዚህ አገር ትናንት የተጀመረ ወሬ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ ለመስገድ ኢየሩሳሌም ደርሶ የሚመለስ መንገደኛ ነበር። በአራተኛውና በአምስተኛው መቶ ዘመን መባቻ ቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ሄሮኒመስ ከኢትዮጵያ የሚመጡ መነኮሳትን በደብዳቤው ጠቅሷቸዋል። ዴር ሡልጣን ያሉት መነኮሳት በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ጠባብ ጎጆ ውስጥ እየኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1838 በወረርሽኝ ብዙዎቹ አልቀው፣ ከግብጽ ኮፕቶች ጋር እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ክርክር ውስጥ ሆነው፣ ቦታውን አልለቅ ብለዋል። ከከተማይቱ ቅጥር ወጣ ብሎ ደግሞ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ያስጀመሩት፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1893 የተጠናቀቀው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አለ፤ ያለበትም ጎዳና የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል።

ደግሞ ነገሩ የክርስቲያኑ ብቻ አይመስላችሁ። ስለ ይፋት እያወራን የይፋትን ሙስሊም መርሳት አይቻልም። ዛሬ ሰው ይፋት ሲባል ቆላ፣ ማሾና ማሽላ ብቻ ይመስለዋል። ከ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ግን የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሚገዛው፣ በዘይላ ወደብ ከዓለም ጋር የሚገናኝ ሱልጣኔት ነበር። ጀበርት የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ከይፋትና ከዘይላ ምድር ነው። ከዚህ የሄዱ የሃይማኖት ተማሪዎች ካይሮ በሚገኘው አል-አዝሀር በስማቸው የሚጠራ ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ናፖሊዮን ግብጽን ሲወር ያየውን የጻፈው ታላቁ የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ አብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከነዚሁ ሰዎች ነው። መካ ደርሶ የተመለሰ ዛሬም «ሐጂ» እየተባለ ስሙ ይለወጣል፤ ሰፈሩም ተሰብስቦ ስለ ዘምዘም ውሃና ስለ ዐረፋ ሲሰማ ያመሻል። የኛ መምህርና የጎረቤታችን ሐጂ በዚህ አንድ ናቸው። ሁለቱም ሄደው ላልሄደው ያወራሉ።

ላልሄደው የሚለውን አስምሩበት። ምክንያቱም አብዛኛው ሰው አይሄድም። የአውሮፕላኑ፣ የቪዛው፣ የሆቴሉ ዋጋ ተደምሮ ለአንድ የሸዋ ሮቢት ማሾ አምራች ገበሬ የማይታሰብ ነው። ገንዘቡ ቢኖር ደግሞ ጦርነቱ አለ። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጋዛ የሆነውን ሁሉ አይተናል፤ በዚያው ዓመት የፈረንጆች ገና ቤተ ልሔም የአደባባይ በዓሏን ሰርዛ ጨለማ ሆና አሳልፋለች። እና ስብከቱ ለእናቴ ትልቅ ነገር ነው። ቲኬቷ እሱ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለው? የደርሶ መልሱ መመለሻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ስብከት ከተሰበከበት ቦታ በስተ ሰሜን ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ብትይዙ ብዙም ሳትርቁ ጀውሃ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ ሰንበቴ፣ ከዚያ አጣዬ። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ሲገበያዩ የኖሩበት መንገድ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የሆነውን የማያስታውስ የለም። አጣዬ ነደደች። ከአንድ ሳምንት በፊት ቡና የተጣጡ ሰዎች ተቋሰሉ፤ የተረፈው ልጁን አዝሎ ወደ ደጋ ወጣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ወርዶ መጣና ሸዋ ሮቢት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ ከቀናት በኋላ ተመለሰች። በጥር 2015 ዓ.ም. በአጣዬና በጀውሃ አካባቢ እንደገና ደም ፈሰሰ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የተነሳው ጦርነት መላውን የአማራ ክልል ይዞ መንገዱን ሲዘጋና ሲከፍት ኖሯል። ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ ተማሪው መኪና ሲሳፈር በልቡ የሚጸልየውን ጸሎት እናንተም ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደውን መንገድ ለማየት ፓስፖርት ያስፈልጋል? ባልቴቷ ትክክል ናቸው። የኛው ጣርማ በር ነው፣ የኛው ጀውሃ ነው። የቆሰለውም እዚሁ አለ፤ አይቶ ያለፈውም እዚሁ አለ።

ስብከቱ ግን ኢየሩሳሌም ቀረ። በዚያች ከተማ፣ በዚያ ሕዝብ ፊት፣ በመንገድ ላይ ተደብድቦ ስለወደቀ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ተነግሮ ስለዚህ መንገድ አንድ ቃል አልተነገረም። በትርጓሜው ላይ ክርክር የለኝም፤ ያማረ ነው፣ ከኔ በላይ ያሉ ሊቃውንት ያወረዱት ነው። ግን መንገደኛው አዳም ብቻ ከሆነ፣ ማደሪያውም ቤተ ክርስቲያን ብቻ ከሆነ፣ እኔ ተነስቼ የማደርገው ነገር አይኖርም። አልቅሼ፣ እልል ብዬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤቴ እገባለሁ። ታሪኩ ግን የተነገረው ባልንጀራዬ ማነው ብሎ ለጠየቀ አዋቂ ነው፤ መጨረሻውም ሂድና አንተም እንዲሁ አድርግ የሚል ትእዛዝ ነው።

ስለ ሳምራውያን ጥቂት ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም «ደጉ ሳምራዊ» ስንል ሳምራዊ የሚለው ቃል «ደግ» ማለት የሚመስለን ብዙ ነን። ሳምራውያን ሕዝብ ናቸው፤ ዛሬም አሉ። አንድ ሺህ እንኳ የማይሞሉ ሰዎች ሆነው ግማሾቹ ናቡልስ አጠገብ በገሪዛን ተራራ፣ ግማሾቹ ቴል አቪቭ አጠገብ በሆሎን ይኖራሉ፤ የራሳቸው ኦሪት አላቸው። ከአይሁድ ጋር የነበራቸው ጠብ የሰፈር ኩርፊያ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ የአይሁድ ገዢ የነበረው ዮሐንስ ሂርቃኖስ በገሪዛን የነበረውን መቅደሳቸውን አፍርሶባቸዋል። እንግዲህ ታሪኩን ሲሰሙ የነበሩት ሰዎች የመቅደስ አፍራሾቹ ልጆች፣ የታሪኩ ጀግና ደግሞ መቅደሱ የፈረሰበት ሰው ልጅ ነው። በዚያን ቀን የአድማጩን ፊት ማየት ነበር! «ደጉ ሳምራዊ» የሚለው አባባል ለነሱ ጆሮ እንዴት እንደሚጎረብጥ ማወቅ የፈለገ ሰው ሳምራዊ የሚለውን አውጥቶ፣ በዚያ ምትክ ቤተሰቡ ራት ላይ በክፉ የሚያነሳውን ሕዝብ ስም ያስገባ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ወደ ሙያዬ ልምጣ። ጋዜጠኝነት ስንማር በመጀመሪያው ዓመት የሚያስጨንቁን በአምስት ጥያቄ ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። በዚህ ሚዛን ይህ ታሪክ መጥፎ ዜና ነው። ካህኑ ካህን መሆኑ ተነግሮናል፤ ሌዋዊውም፣ ሳምራዊውም ታውቀዋል። ዋናው ባለጉዳይ ግን «አንድ ሰው» ነው። ስም የለው፣ ወገን የለው፣ ሥራው አልተጻፈ። አርታኢ ቢሆን መልሶ ይወረውረዋል። ልብሱን ገፈውታል ይላል፤ ሰውን በአለባበሱ እንዳንለየው። በሕይወትና በሞት መካከል ነበር ይላል፤ አፉን ፈቶ በቋንቋው እንዳንለየው። የቀረው ሥጋ ነው፣ ሰው ብቻ።

እኛስ? ከዚያ መንገድ አንድ ክፉ ዜና ስልካችን ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የምንፈልገው ምንድነው? እውነቱን እንነጋገር። ስንት ሰው ቆሰለ፣ ሐኪም ደረሰላቸው ወይ፣ መንገዱ ተከፈተ ወይ አይደለም። የሟቹ ስም ነው። ስሙን አይተን ብሔሩን እንገምታለን፣ ብሔሩን ገምተን ሃይማኖቱን እንገምታለን፣ ከዚያ በኋላ ነው እንባችን ይፈስ አይፈስ የሚወሰነው። የኛ ከሆነ ፎቶውን ጥቁር አድርገን እንለጥፋለን። የነሱ ከሆነ «መጀመሪያ እነሱ ነበሩ እኮ» የሚል አስተያየት እንጽፋለን፤ ወይም በአውራ ጣታችን ወደ ላይ ገፋ አድርገን እናልፋለን። ካህኑና ሌዋዊው እኮ አልተሳደቡም፣ አልደበደቡትም። ገለል ብለው አለፉ እንጂ። ስልክ ቢኖራቸው በአውራ ጣታቸው ያልፉት ነበር።

«ስለዚህ ማን እንደገደለና ማን እንደሞተ አይጠየቅ ነው የምትይው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ፍትሕ ስም ይፈልጋል፣ ታሪክም ስም ይፈልጋል፣ የኔ ሙያም ያለ ስም አይሠራም። አጣዬን ማን አቃጠላት የሚለው ጥያቄ ተድበስብሶ መቅረት የለበትም። እኔ የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ቁስሉ ይታሰራል፣ ከዚያ መዝገቡ ይከፈታል። እኛ ጋ ተገልብጦ መዝገቡ ቀድሞ ይከፈታል፤ የኛ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ቁስሉን የሚያስር የለም።

«ፖለቲካን ወደ ዐውደ ምሕረት አታስገቢብን» የሚልም አለ። ይህን ስጋት አከብራለሁ። በዚያ አካባቢ አንድ የተሳሳተ ቃል ከዐውደ ምሕረት ወይም ከሚንበር ቢወጣ ምን እንደሚያመጣ ሰባኪውም ኢማሙም ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ ዝምታቸው ፍርሃት ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም ነው። ግን የፓርቲ ስም ጥሩ አላልኩም። የማንን ወንበዴነት አውጁ አላልኩም። የመንገዱን ስም ጥሩ ነው ያልኩት። «ያ መንገድ ይህ መንገድ ነው፣ እዚህም የወደቀ ሰው አለ፣ የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አንሳው» ለማለት የፖለቲካ ትንታኔ አያስፈልግም። ደግሞ በ2013ቱ እሳት መሐል የሌላ ብሔር ጎረቤቱን ጓዳው የደበቀ ሰው አልነበረም የሚል ካለ ይፋትን አያውቃትም። እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጎ ለምእመኑ መንገር የሰባኪም የጋዜጠኛም ሥራ ነው። የገዳዩን ስም እንጂ የደባቂውን ስም መጠየቅ አልለመደብንም።

ወደ ታሪኩ ልመልሳችሁ፤ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ሰው ቀርቷል። የማደሪያው ባለቤት። ሳምራዊው ዘይትና ወይን አፍስሶ፣ ቁስሉን አስሮ፣ በራሱ አህያ ጭኖ አልቤርጎ አደረሰው (አዎ፣ በኛ ቋንቋ አልቤርጎ ነው)። በነጋታው ሁለት ዲናር ከፈለ። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሥራ ዋጋ ነው። «የጎደለውን ስመለስ እከፍላለሁ» ብሎም ተዋዋለ። ልብ በሉ፤ እንባ የለም፣ ንግግር የለም። ማጓጓዣ፣ አልጋ፣ ገንዘብና ቀጠሮ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ የታወቀች የማደሪያ ከተማ ናት፤ የደሴ መንገድ ሹፌርና ተሳፋሪ ምሳ የሚበላባት፣ የመሸበት የሚያድርባት። ደብረ ብርሃንም ለተፈናቃይ ማደሪያ ሆና ኖራለች። በየመጠለያው የቀረው ሰው ዘይቱ ፈሶለት ይሆናል፤ ሁለተኛውን ዲናርና የመመለሱን ቀጠሮ ግን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። ካሜራው ሲሄድ አብረን ሄደናል፤ ጋዜጠኞችም ጭምር።

ከኢየሩሳሌም የሚመለስ ሰው የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል። ሻማ፣ መስቀል፣ የዮርዳኖስ ውሃ፣ ለሞት ቀን የሚቀመጥ የመግነዝ ጨርቅ። በኔ አስተያየት ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ከዚያ ያመጣው ታላቁ ነገር ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የተጠለሉ፣ ከአርመናውያን እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተብለው የንጉሡ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ አሠልጣኛቸው የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ስለ ንጉሡ ፖለቲካ የፈለጋችሁትን አስቡ። ግን አንድ ተሳላሚ ቅድስት አገር ሄዶ፣ ከድንጋዩና ከመቃብሩ መሐል በመንገድ የወደቀውን የሰው አገር ልጅ አይቶ፣ አንስቶ ወደ ቤቱ አመጣ። ጉዞው ደርሶ መልስ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

ለሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ ይህ ታሪክ ከዚህም ይቀርባቸዋል። በእስልምና ታሪክ ውስጥ ጥንታዊቷ የመጠጊያ አገር እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ስደት የሸሹት የነቢዩ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው የመጡት ወደ ነጃሺ ነው። ዘራቸው ሌላ፣ ቋንቋቸው ሌላ፣ ሃይማኖታቸው ሌላ ነበር። አሳልፈህ ስጠን የሚሉ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ሲመጡ አልሰጥም አለ። የዓለም ሙስሊም ኢትዮጵያን በክብር የሚያነሳው በዚህ ነው። እንግዲህ የክርስቲያኑ ስብከት ወደ ኢያሪኮ፣ የሙስሊሙ ስብከት ወደ ነጃሺ ቤት ቢወስደን የምንደርሰው አንድ ደጃፍ ላይ ነው። የማታውቀው ሰው ቆስሎ ወይም ሸሽቶ ቆሟል፤ በሩን ትከፍታለህ ወይስ አትከፍትም?

ጃንደረባውን አስታውሱት። ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ፣ ሰግዶ፣ መጽሐፉን እያነበበ ሲመለስ ገና አልገባውም ነበር። የገባው በመመለሻው፣ በምድረ በዳው መንገድ ላይ ነው፤ ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያስረዳው። ከዚያ በኋላ ደስ እያለው ጉዞውን ቀጠለ፤ ወደ አገሩ፣ ወደ ሥራው።

ስለዚህ ኢየሩሳሌምን የተሳለማችሁ መምህራን፣ መካ የደረሳችሁ ሐጂዎች፣ እባካችሁ መንገራችሁን አታቁሙ። እናቴን አሁንም ውሰዷት፤ ግመሉንም ተምሩንም ንገሯት። ስትጨርሱ ግን መልሷት። በጣርማ በር አውርዳችሁ፣ ጀውሃ ላይ አቁማችሁ፣ «እዚህ የወደቀው ማነው?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልስ አላት።

እኛም ስልክ ይዘን የተቀመጥነው፣ ከዚያ መንገድ ቀጣዩ ዜና ሲመጣ (አይምጣ!) ስሙን ከመፈለጋችን በፊት አንድ ነገር እናድርግ። እዚያ የምናውቀው ሰው ካለ እንደውል፤ ከሌለን የሚረዳ ፈልገን ሁለት ዲናራችንን እንላክ፤ ከወር በኋላም እንመለስና የጎደለ አለ ወይ ብለን እንጠይቅ። ሌላው ክርክር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቸር ያሰማን።